«ስንት አመጣች?»፦ የኤምካት ውጤት ስለ አመልካቹ የሚያውቀውና የማያውቀው



የማኅበራችሁ አስተባባሪዎች ሲጋብዙኝ የሰጡኝ ርእስ አጭር ነበር፦ «ልጆቻችን ሜዲካል ስኩል ለመግባት በኤምካት ስንት ማምጣት እንዳለባቸው ይንገሩልን።» ይህ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። በቅርብ ዓመታት ወደ አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የገቡ ተማሪዎች በዚህ የመግቢያ ፈተና ያመጡት አማካይ ውጤት ከ511 እስከ 512 አካባቢ ነው፤ ካመለከቱት ሁሉ የሚወሰደው አማካይ ደግሞ ወደ 506 ይጠጋል። በዓመት ከ50 ሺህ በላይ ያመለክታሉ፤ የሚገቡት 23 ሺህ ያህል ናቸው። ጥያቄው ተመለሰ፤ ከፈለጋችሁ ወደ ቡናው መሄድ እንችላለን።

ካልሄድን ግን እኔን የሚያሳስበኝን ላንሳ። ሐኪም ነኝ፤ ከማኅበረሰባችን የወጡ አመልካቾችን ማመልከቻ አብሬያቸው ሳነብ ዓመታት ተቆጥረዋል። እኛ ዘንድ ውጤት ሲወጣ የሚሆነውን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለቅሶ ቤት፣ ሰርግ አዳራሽ፣ ከቅዳሴ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ «የእገሌ ልጅ ስንት አመጣች?» ይባላል። ቁጥሩ ከተነገረ በኋላ ስለ ልጅቱ የሚጠየቅ ነገር አይኖርም። ወይ ጎበዝ ናት፣ ወይ አይደለችም፤ አለቀ።

ዛሬ የምላችሁ ነገር አንድ ነው፣ ደጋግሜም እለዋለሁ፦ ቁጥሩ አይዋሽም፤ ነገር ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። የሚያውቀው ተማሪው የሕክምና ትምህርት የመጀመሪያ ዓመታትን የንባብ ሸክም ይችል እንደሆነ ነው። ከዚያ ያለፈውን ሁሉ ከራሳችን የምንጨምርበት እኛ ነን።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሕክምና የገባ ሁሉ አይጨርስም ነበር። በአንዳንድ ትምህርት ቤት ከመቶ 5 ያህሉ፣ በሌላው ደግሞ እስከ ግማሽ የሚደርሱት ሳይጨርሱ ይወጡ ነበር። ለትምህርት ቤቶቹ ይህ ኪሳራ ነው፤ የተለቀቀው ወንበር በሁለተኛው ዓመት አይሞላም። በ1928 ፍሬድ ሞስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር ለሕክምና አመልካቾች ፈተና አዘጋጀ። ሞስ ያስተምር የነበረው እዚሁ ዋሽንግተን፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በዚህ አዳራሽ ካሉ አባቶች ስንቶቹ ደጁ ላይ ተሳፋሪ እንዳወረዱ እግዜር ይቁጠረው። ፈተናው የማስታወስ ችሎታን፣ የሳይንስ ቃላትን፣ ያነበቡትን መረዳትን፣ አመክንዮን ይጠይቅ ነበር። በ1946 የሚያቋርጠው ተማሪ ከመቶ ወደ 7 ወርዶ ነበር። ምስጋናው ሁሉ የፈተናው ነው አልልም፤ ግን ሥራውን እየሠራ ነበር።

ሥራው ምን እንደነበረ ልብ በሉልኝ። «ማን ደግ ሐኪም ይሆናል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጥያቄው «ማን ሳይጨርስ ይወጣብናል?» ነበር። የዛሬው ኤምካትም ቢሆን በመሠረቱ የዚያው ጥያቄ ልጅ ነው።

አሁን ያለው ፈተና በ2015 የጀመረ ነው። አራት ክፍሎች አሉት፦ ኬሚስትሪና ፊዚክስ፤ ንባብና ትንተና፣ ተማሪዎቹ «ካርስ» የሚሉት፤ ባዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ፤ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ። ጥያቄዎቹ 230 ናቸው። ዕረፍቱ ሲጨመርበት ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። እያንዳንዱ ክፍል ከ118 እስከ 132 ይታረማል፤ ድምሩ ከ472 እስከ 528 ይደርሳል፤ መሐሉ 500 ነው።

የመጀመሪያው ነጥቤ፦ ይህ ድምር ይተነብያል ወይ? አዎ፣ ይተነብያል፤ እዚህ ላይ «ፈተና ምን ዋጋ አለው» ከሚሉት ጋር አልስማማም። ከፍ ያለ ውጤት ይዘው የገቡ ተማሪዎች በአማካይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኮርሶችና በሐኪምነት ፈቃድ ፈተናዎች የተሻለ ያመጣሉ። ከኮሌጅ ጂፒኤ ጋር አብሮ ሲታይ ደግሞ ትንበያው ከሁለቱም ለየብቻቸው ይበልጣል። ይሁንና እዚሁ መረጃ ውስጥ ወላጆች ጆሮ የማይደርስ ሌላ ነገር አለ። በ500ዎቹ መጀመሪያ ውጤት ይዘው ተቀባይነት ካገኙት ውስጥ እጅግ የሚበዙት አንደኛውን ዓመት በወቅቱ ያልፋሉ። 503 ይዞ የገባ ልጅ ሐኪም ይሆናል፤ 523 ያመጣውም ሐኪም ይሆናል። በሃያ ነጥብ የሚለያዩ ሁለት ተማሪዎችን ከአሥር ዓመት በኋላ ነጭ ጋውን ለብሰው ስታገኟቸው የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት የሚደፍር ካለ ይቅረብ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ድምሩ ብቻውን ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ሁለት ተማሪዎች 508 አመጡ እንበል። አንዱ በአራቱም ክፍል 127፣ 127 እያለ የሄደ ነው። ሁለተኛዋ በኬሚስትሪና ፊዚክስ 130፣ በካርስ 121፣ በባዮሎጂ 129፣ በሳይኮሎጂ 128 አላት። ደምሩት፤ 508 ነው። ለቅሶ ቤት የሚነገረው «ሁለቱም 508» ነው። እውነቱ ግን ሁለቱ ልጆች ፈጽሞ የተለያየ ታሪክ አላቸው።

ሁለተኛዋን ልጅ አውቃታለሁ። ወደዚህ አገር የመጣችው በ16 ዓመቷ ነው። ሳይንስ ላይ የሚስተካከላት አልነበረም፤ ካርስ ግን ገደላት። ካርስ በ90 ደቂቃ ዘጠኝ ጽሑፎች አንብቦ 53 ጥያቄ መመለስን ይጠይቃል፤ ለአንዱ ጽሑፍ አሥር ደቂቃ ማለት ነው። ጽሑፎቹ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ሥነ ሕንፃ፣ ስለ ሙዚቃ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕውቀት አያስፈልግም፤ ሁሉም ነገር ጽሑፉ ውስጥ ነው።

ጉድለቷ የቱ ጋ እንደሆነ ለማየት እኔው አንድ ጽሑፍ አዘጋጀሁላት። ጸሐፊው ያረጁ ሕንፃዎች ሊታደሱ አይገባም ይላል፤ ፍርስራሹ ራሱ ታሪክ ነው፣ ማደስ ታሪኩን መደለዝ ነው ብሎ ይከራከራል። ጥያቄው «ከሚከተሉት ሐሳቦች ጸሐፊው የሚቀበለው የቱን ነው?» የሚል ነበር። ከምርጫዎቹ አንዱ «ቅርስ ተጠግኖ ለትውልድ መተላለፍ አለበት» ይላል። እሱን መረጠች። ለምን ስላት፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ «እውነት ስለሆነ ነዋ!» አለችኝ።

ቃላት አልጎደላትም። እንግሊዝኛዋም ደህና ነበር። እኛ በተማርንበት ትምህርት ቤት የተጻፈ ነገር የሚነበበው ለመማር ነው፤ መጽሐፉ የሚለው ትክክል ነው፤ ትክክል የሆነውን ይዞ መገኘት ደግሞ ጉብዝና ነው። ካርስ የሚፈልገው ሌላ ዓይነት አንባቢ ነው፦ የማይስማማበትን ሰው ሐሳብ ሳያጣምም የሚይዝ፣ «አንተ ተሳስተሃል፤ ያልከው ግን ይህ ነው» ማለት የሚችል። ይህ ለሐኪም ይጠቅማል ወይ ብትሉኝ፣ እጅግ ይጠቅማል እላለሁ። በሽተኛው ሕመሙን በራሱ መንገድ ሲያስረዳ፣ እኛ የምናውቀውን ሳይሆን እሱ ያለውን መስማት ሥራችን ነው። ስለዚህ 121 የሚለው ቁጥር ስለ እሷ እውነት ተናግሯል። የተናገረው ግን በዚያን ጊዜ ስለነበረችበት ሁኔታ ነው። ክረምቱን በየቀኑ የማትስማማባቸውን ጽሑፎች ስታነብና ሐሳባቸውን በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ ከረመች፤ በሁለተኛው ፈተና ካርሷ 125 ሆነ። ዛሬ ከምረቃ በኋላ ባለው የሆስፒታል ሥልጠና፣ ሬዚደንሲ ላይ ናት።

እንግዲህ ስለዚች ልጅ ያወቅነውን ሁሉ የነገረን ከክፍሎቹ አንዱ ነው። ድምሩን ብቻ ብናይ ምንም አንማርም ነበር።

በዚሁ አንድ ነገር ልጨምር። የውጤት ወረቀቱ ላይ፣ ማንም የማያነበው ቦታ ላይ፣ ድምሩ ሁለት ነጥብ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊወዛወዝ እንደሚችል ተጽፏል። 510 ያመጣ ልጅ በሌላ ቀን ቢፈተን 508 ወይም 512 ሊያመጣ ይችላል፤ ያው ልጅ፣ ያው ዕውቀት። አንድ ጊዜ ብቻ በተለካ የደም ግፊት የዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ብታገኙ ትሸሹታላችሁ። እኛ ግን በ509 እና በ511 መካከል ባለው ልዩነት ዘመድ ከዘመድ እናወዳድራለን።

ሦስተኛው ነጥብ ጊዜና ገንዘብ ነው። ለኤምካት የሚዘጋጅ ተማሪ 300 ሰዓት ያህል ማጥናት አለበት ሲባል ትሰማላችሁ። ይህን 300 እስቲ ወደ ቤታችን እናምጣው። አንዱ ተማሪ ክረምቱን ሥራ የለውም፤ በሳምንት 30 ሰዓት ያጠናል፤ በአሥር ሳምንት ይጨርሳል፤ ወላጆቹ ሁለትና ሦስት ሺህ ዶላር የሚያስወጣ የዝግጅት ኮርስ ከፍለውለታል። ሌላው ከኮሚኒቲ ኮሌጅ የተዛወረ ነው፤ ማታ ማታ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ይሠራል፤ ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት ያመጣል፤ ለእናቱ ክሊኒክ ውስጥ ያስተረጉማል፤ የሚተርፈው በሳምንት አሥር ሰዓት ነው። ለሱ 300 ሰዓት ማለት 30 ሳምንት ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከረሳው በኋላ የመጨረሻው ላይ ይደርሳል። ሁለቱም 509 ቢያመጡ፣ እኔ ብጠየቅ ሁለተኛውን አስበልጣለሁ። አዝኜለት አይደለም፤ ያንኑ ቁጥር ያመጣው ከባዱን መንገድ ሄዶ ስለሆነ ነው።

ይህንን የሚያዩ ትምህርት ቤቶች አሉ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሕክምና ትምህርት ቤት አመልካቹ ያደገበትን የኑሮ ችግር ራሱን በነጥብ አስልቶ ከውጤቱ ጋር ያያል። ሌሎቹም ቢሆኑ ማመልከቻው ላይ ስለ ወላጆች ትምህርት፣ ስለ ቤተሰብ ገቢ፣ ስለተጋፈጣችሁት ችግር የምትጽፉበት ቦታ ይሰጣሉ። እዚህ ላይ ነው ከወላጆች ጋር የምጣላው። ልጁ ማታ እንደሚሠራ ሊጽፍ ሲል «የቤታችንን ገመና ለፈረንጅ ምን አስነገረህ?» የሚል አባት አጋጥሞኛል። ጌታዬ፣ ገመና አይደለም። ልጅዎ በሳምንት ሠላሳ ሰዓት እየሠራ 509 ማምጣቱን ካልጻፈ፣ አንባቢው እንደ ሌላው ሁሉ ክረምቱን ቁጭ ብሎ ያጠና ይመስለዋል።

ቁጥር ስለ ልጁ ብቻ ሳይሆን ልጁ ስለተማረበት ትምህርት ቤት እንደሚናገር ከኛ በላይ ማን ሊያውቅ ይችላል? በኛ አቆጣጠር በ2015 መጀመሪያ የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስታውሱ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ሺህ ትምህርት ቤት ሙሉ ሰነፍ ተማሪ ሰብስቦ ነው የሚል ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ቤተ ሙከራ የለም፣ መጽሐፍ የለም፣ በአንዳንዱ ቦታ ደግሞ ጦርነት ነበር። ቁጥሩ የለካው ይህን ሁሉ ነው።

ማትሪክ የወሰድን ሰዎች ቁጥርን እንዲህ የምናመልከው ያለ ምክንያት አይደለም። በኛ ጊዜ ጥቁር አንበሳ ይሁን ጎንደር ሕክምና የሚያስገባው የማትሪክ ውጤት ነበር። ኢንተርቪው የለ፣ ድርሰት የለ። ቁጥሩ ፍርድ ነበር፤ ይግባኝ የለውም። እዚህ አገር ግን ቁጥሩ ከማስረጃዎቹ አንዱ ነው። ለማመን የሚቸግራችሁን ልንገራችሁ፦ ከ517 በላይ አምጥተው፣ ጂፒኤያቸውም ከ3.8 በላይ ሆኖ ከሚያመለክቱት ከአምስት ወይም ከስድስት አንዱ ገደማ የትም አይገባም። ያ ልጅ ምን ጎደለው? አንዳንዴ ዘግይቶ አመለከተ። አንዳንዴ ያመለከተው ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች ብቻ ነው። አንዳንዴ ደግሞ በሽተኛ አጠገብ ቆሞ የማያውቅ መሆኑ ከማመልከቻው ያስታውቃል።

እስካሁን የቁጥር ወዳጆችን ነካካሁ፤ አሁን ለሌላኛው ወገን ልድረስ። «ፈተናውን ጣሉት፤ ሰውየውን አነጋግራችሁ ምረጡ» የሚሉ አሉ። ደስ ይላል። በ1979 በሂውስተን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት የሆነውን ግን ስሙ። ትምህርት ቤቱ 150 ተማሪዎቹን መርጦ ጨርሷል። በዚያ መሐል የግዛቱ ምክር ቤት 50 ተጨማሪ ተቀበሉ አለ። ጊዜው መሽቷል፤ ጥሩ ጥሩዎቹ ሌላ ቦታ ገብተዋል። የቀሩት ኢንተርቪው ተደርገው ከዝርዝሩ ግርጌ የተቀመጡት ናቸው፤ አብዛኞቹን ሌላም ትምህርት ቤት አልተቀበላቸውም። 50ዎቹ ከነሱ ተወሰዱ።

በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ሲነጻጸሩ በክፍል ትምህርቱ፣ በሆስፒታል ልምምዱ፣ በክብር ምረቃው፣ ከምረቃ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመትም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ጥናቱ በ1987 ታትሟል። በምርጫው ጊዜ ላይኛውንና ታችኛውን ቡድን በአብዛኛው የለያቸው የውጤት ወረቀት አልነበረም፤ ጠያቂዎቹ በኢንተርቪው የያዙት ግምት ነበር። ስለዚህ ሰውን ፊት ለፊት አይቶ «ይህ ሐኪም ይሆናል፣ ያኛው አይሆንም» ማለትም እንደምናስበው የሚያኮራ ጥበብ አይደለም። እኔም ኢንተርቪው ላይ ጠያቂ ሆኜ አውቃለሁ፤ ሳቅ የሚያውቅ ልጅ ሁልጊዜ ጎበዝ ይመስለኛል።

የኒው ዮርኩ ማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ ከ1987 ጀምሮ ሥነ ጽሑፍና ታሪክ የሚያጠኑ ተማሪዎችን ያለ ኤምካት የሚቀበልበት መንገድ ነበረው። በ2010 በወጣው ጥናት እነዚህ ተማሪዎች በመጀመሪያው የፈቃድ ፈተና ትንሽ ዝቅ ቢሉም በሆስፒታል ልምምድ ከሌሎቹ እኩል ሆነው ተገኝተዋል። ብዙ ሰው ይህን ጠቅሶ «አያችሁ፣ ፈተና አያስፈልግም» ይላል። እኔ እንደዚያ አልቸኩልም። ተማሪዎቹ ሲመረጡ የኮሌጅ ውጤታቸውም የኮሌጅ መግቢያ ፈተናቸው፣ ኤስኤቲያቸውም ታይቷል፤ ፈተና ከበር ቢባረር በመስኮት ገብቷል።

ስለ ፈቃድ ፈተናው ካነሳሁ አይቀር፣ የመጀመሪያው ክፍል ከጥር 2022 ጀምሮ ቁጥሩ ቀርቶ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ብቻ ሆኗል። የሬዚደንሲ ፕሮግራሞች ለፈቃድ የተሠራውን ቁጥር እንደ ወንፊት ይዘው ሰው ማበጠሪያ አድርገውት ነበር። ለኤምካትም ይህ ይምጣ አልልም፤ ኮሌጆቹ ብዙ፣ ማርካቸውም የተለያየ ነው፤ ስሙ ከማይታወቅ ኮሌጅ የመጣ ጎበዝ ራሱን የሚያሳይበት አንድ የጋራ መለኪያ ያስፈልገዋል። ከኛ ልጆች ብዙዎቹ የዚህ ተጠቃሚ ናቸው።

አሁን ለተማሪዎቹ፣ በቀጥታ።

በልምምድ ፈተና ላይ የምታመጡት ካላረካችሁ የፈተናውን ቀን አዛውሩ። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በሁለት ተከታታይ ዓመታት አራት፣ በዕድሜያችሁ ሙሉ ሰባት ጊዜ መፈተን ትችላላችሁ፤ ግን ያመጣችሁት ሁሉ ለትምህርት ቤቶቹ ይታያል። «እስቲ ልሞክረው» ብሎ የሚገባበት ፈተና አይደለም። በፈተናው ቀን መጨረሻ ላይ ውጤቱ እንዳይታረም የመሰረዝ ምርጫ ይሰጣችኋል፤ የተሰረዘውም ከሙከራ ይቆጠራል።

ውጤታችሁ ሲመጣ መጀመሪያ አራቱን ክፍሎች፣ ከዚያ ድምሩን አንብቡ። አንዱ ክፍል ብቻ ከወደቀ የምትጠግኑት እሱን ነው፤ አራቱም እኩል ዝቅ ካሉ ችግሩ ምናልባት ጊዜ ነው፣ ሥራ መቀነስ ወይም አንድ ዓመት መዘግየት ሊያስፈልግ ይችላል። ወላጆች፣ አንድ ዓመት መዘግየት ውርደት አይደለም፤ እዚህ አገር ሕክምና የሚጀምሩት አብዛኞቹ ከኮሌጅ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ሌላ ነገር የሠሩ ናቸው።

የመጨረሻው ስለ ክፍያ ነው፤ በየዓመቱ ይህን ባለማወቅ ገንዘቡን የሚያጣ ልጅ አያለሁ። የመመዝገቢያው ዋጋ ከ300 ዶላር በላይ ነው። የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ክፍያውን ከግማሽ በታች የሚያደርግ ድጋፍ አለው፤ የልምምድ ፈተናዎችን በነፃ ይሰጣል፤ የማመልከቻውንም ወጪ ይሸፍናል። ዜጋ መሆን ግድ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የተፈቀደለትም ይጠይቃል። ነገር ግን ድጋፉ መፈቀድ ያለበት ከመመዝገባችሁ በፊት ነው። ከከፈላችሁ በኋላ ቢፈቀድላችሁ የከፈላችሁት አይመለስም። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ለመፈተን ያሰባችሁ ቅጹን በዚህ ወር ጀምሩት፤ የወላጆቻችሁን የታክስ ወረቀት ይጠይቃል፤ ወላጆችም ወረቀቱን ሳታስለምኑ ስጧቸው።

አሁን ወደ ጥያቄ እንለፍ። ውጤት ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ከነአራቱ ክፍሎች አሳዩኝ።